የይምርሐነ ክርስቶስ ነጭና ጥቁር

ይምርሐነ ክርስቶስን ሁለት ጊዜ በካሜራ ለማስቀረት ሞክሬያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ግማሹን ይዤ ተመለስኩ። መጀመሪያ በ1994 ዓ.ም. በፊልም፣ ቀጥሎ በ2003 ዓ.ም. በዲጂታል ካሜራ። ፊልሙ ጥቁሩን አጠፋብኝ፤ ዲጂታሉ ነጩን።

ቦታውን ላላየ አንባቢ ልንገር። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ጥድና ወይራ በከበበው ተራራ ላይ ሰፊ ዋሻ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በዋሻው ሆድ ውስጥ የታነጸ ሕንፃ ነው። ስሙን የሰጠው ንጉሥም ካህንም የነበረው ይምርሐነ ክርስቶስ ሲሆን፣ ከዛጔ ነገሥታት ከላሊበላ በፊት የነገሠ ነው። ግድግዳው በአክሱማውያን ጥበብ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ የቆመ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ዋሻውን አይቶ በስፋቱ ተደንቋል። ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ ከ600 ዓመታት በፊት አንድ ሰው እዚያ ቆሞ በጥቁርና በነጭ አስቧል።

ፎቶግራፍም ወደ አገራችን የገባው በጥቁርና በነጭ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሐንዲሶች ነበሩት፤ ምስሉን የሚይዙትም በመስተዋት ላይ ነበር። በምኒልክ ቤተ መንግሥት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ይህንን ሙያ ይዘው ቆዩ። የንጉሠ ነገሥቱን የመጨረሻ ዓመታትና የደርግን ዘመን ደግሞ ሽመልስ ደስታ አነሡ። የሚገርመው፣ የፊልምን ዘመን ያሳለፈው መሣሪያም ሲወለድ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ሳሶን በኮዳክ ኩባንያ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ምስሉን በ10,000 ነጥቦች ከፍሎ፣ በ23 ሰከንድ በካሴት ክር ላይ ይቀዳ ነበር።

በ1994 ዓ.ም. በበቅሎ ስደርስ ከ36ቱ የቀሩኝ 11 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እያንዳንዱን ከማንሣቴ በፊት ብዙ ቆምኩ። ብርሃኑን የለካሁት ግን በነጩ ልስን ላይ ነበር፤ ስሕተቴም እርሱ ነው። ፊልም ብርሃን የነካውን የብር ቅንጣት ነው የሚያስታውሰው፤ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ልስኑ የሠሪውን የእጅ ዳና ሳይቀር አሳየኝ፤ እንጨቱ ግን አንድ ወጥ ጨለማ ሆኖ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. በመኪና ሄድኩ፤ ከ300 በላይ አነሣሁ። በዋሻው ጓዳ የጥንት ተሳላሚዎች አፅም ተኝቷል። በፊልሙ ጊዜ ወደዚያ ካሜራዬን አላዞርኩም ነበር፤ አሁን ግን ቆጣቢው ቁጥር ስለሌለ አስቀድሜ ወደዚያ ሄጄ መጫን ጀመርኩ። አንድ አዛውንት ካህን ቀስ ብለው መጡና፣

«ልጄ፣ መጀመሪያ ተሳለም። ዋሻው የትም አይሄድም» አሉኝ።

አፍሬ ካሜራዬን አወረድኩ። ቤት ገብቼ ሳየው ሌላ ጉድ ቆየኝ። የዲጂታል ካሜራ ዓይን እንደ እንስራ ነው፤ ብርሃን ሞልቶ ከፈሰሰ አይታፈስም። ጨለማው ውስጥ የተደበቀውን ግን፣ ሻካራ ቢሆንም፣ ጎትቶ ማውጣት ይቻላል። እነሆ የእንጨቱ ጅማት፣ ስንጥቁና የመጥረቢያው ምልክት ሁሉ ወጣ፤ ልስኑ ግን ያልተጻፈበት ወረቀት ሆነ። ከዚህም በላይ ካሜራው ያየው በቀለም ስለነበር፣ ቀለሙን ከማጥፋቴ በፊት እንጨቱ ቡናማ፣ ልስኑም አመድማ መሆኑን አየሁ። «ጥቁርና ነጭ» ያልኩት እኔ ነበርኩ። በፊልም ያንን የምወስነው ከመሄዴ በፊት ነበር፤ በዲጂታል ከተመለስኩ በኋላ ሆነ።

ሁለቱን ምስሎች ዛሬም ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ። በኮምፒውተር አዋሕዳቸው ነበር፤ ልቤ እምቢ አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ላሊበላ ደረሰ በተባለ ሌሊት አውጥቼ ያየኋቸው እነዚህኑ ነው። ያን ጊዜ የአዛውንቱ ቃል በሌላ በኩል መጣብኝ፤ ዋሻው የትም አይሄድም፣ መንገዱ ግን ሊዘጋ ይችላል። ከአንዱ ልስኑን፣ ከሌላው እንጨቱን እያየሁ ግድግዳውን በልቤ ሠራሁት፤ አንድ ረድፍ ከዚህ፣ አንድ ረድፍ ከዚያ።

ሦስተኛ ጊዜ ለመሄድ ቢፈቀድልኝ የትኛውን ካሜራ እንደምይዝ አልወሰንኩም። አስቀድሜ እንደምሳለም ግን ወስኛለሁ።