የአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ካርታ እንዴት ተሠራ? ለእርስዎስ ምን ይነግርዎታል?



«ዶክተር፣ ሲቲ ስካኑ ደህና ነው ተብያለሁ። የግፊት መድኃኒቱን ላቁመው?» ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። መልሴ «አያቁሙ» ነው፤ ምክንያቱን ታሪኩ ይነግረናል።

ከጎተራ ወደ ላንቻ የሚወስደውን ዋና መንገድ ማንኛውም የከተማ ካርታ ያሳይዎታል። ወደ ቤትዎ የሚያስገባውን ቅያስ ግን ሁሉም አያሳይም። የአንጎል ደም ሥር ካርታም እንዲሁ ከዋናው መንገድ ነው የጀመረው።

🔹 በ1628 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቪ ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር አስረዳ። ከደም ወሳጅ ወደ ደም መላሽ ሥር የሚሻገርበትን መንገድ ግን አላየም።

🔹 በ1661 ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ የእንቁራሪት ሳንባን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር መሻገሪያዎቹን፣ ካፒላሪ የምንላቸውን ቀጫጭን ሥሮች አገኘ።

🔹 በ1664 ቶማስ ዊሊስ በአንጎል ግርጌ እንደ ቀለበት የሚገናኙትን ትልልቅ ሥሮች በመጽሐፉ አሳየ።

🔹 በ1868 ፈረንሳውያኑ ሻርኮ እና ቡሻር አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ የሞቱ ሰዎችን መረመሩ። በጥቃቅን ሥሮች ግድግዳ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አዩ።

🔹 በ1927 ኤጋስ ሞኒዝ ሊዝበን ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው የአንጎል ሥሮችን በኤክስሬይ አሳየ። በ1971 ደግሞ የመጀመሪያው ታካሚ ለንደን ውስጥ በሲቲ ስካን ተነሳ።

🔹 በ2020 ተመራማሪዎች የአይጥን አንጎል በኬሚካል እንደ መስታወት ብርሃን አሳላፊ አድርገው፣ እስከ ካፒላሪ ድረስ ያሉትን ሥሮች በባለ ሦስት አውታር (ስሪዲ) ካርታ አወጡ።

ልብ ይበሉ፦ ይህ ካርታ የተሠራው ከሞተ እንስሳ አንጎል ነው። ካፒላሪ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያንሳል። በሆስፒታል የሚነሱት ሲቲ ስካን ይህን አያይም። «ደህና ነው» ሲባሉ ትልቅ ጉዳት አልታየም ማለት እንጂ ቅያሶቹ ሁሉ ጤነኛ ናቸው ማለት አይደለም። ከፍተኛ የደም ግፊት ደግሞ ምንም ሳያሳምምዎት እነዚህን ሥሮች ለዓመታት ይጎዳል።

ስለዚህ፦
✅ ግፊትዎን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለኩ። በተደጋጋሚ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ።
✅ መድኃኒትዎን በራስዎ አያቁሙ።
✅ ጨው ይቀንሱ፣ ሲጋራ ያቁሙ።
🚨 ድንገት አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ «ይተወኛል» ብለው ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ቤት ውስጥ መድኃኒታቸውን ያቆሙ እናት ወይም አባት ካሉ ዛሬውኑ ይጠይቋቸው። ጤና ይብዛልዎ!