መቅደላና የትራጀዲ ጥበብ

በደሴና በኮምቦልቻ ያደገ ልጅ የመቅደላን ስም ከመጽሐፍ አስቀድሞ የሚሰማው ከሽማግሌ አፍ ነው። አምባው ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ በዚያው በወሎ ምድር ሲሆን፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው የሞቱበት ስፍራ ነው። ይህም ፍጻሜ የቴያትር ደራስያንን ልብ ስቧል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. በአማርኛ፥ ፀጋዬ ገብረ መድኅንም በ1955 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ «ቴዎድሮስ» የተባለ ቴያትር ጽፈዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ የግሪኮች ትራጀዲ የተሠራባቸው ዘዴዎች በመቅደላ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደሚገኙ ማሳየት፥ ደግሞም እነዚሁ ዘዴዎች የታሪክ ተማሪን ከምን ሊጋርዱት እንደሚችሉ መመርመር ነው።

አሪስቶትል ስለ ቅኔ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ እንዳስተማረው፥ የትራጀዲ ባለታሪክ ፍጹም ደግም ፍጹም ክፉም ያልሆነ፥ ከታላቅ ክብር ላይ በስሕተቱ የሚወድቅ ሰው ነው። ከዘዴዎቹም ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ ይኸውም አንደኛው ነገሩ ከታሰበው ወደ ተቃራኒው መገልበጡ፥ ሁለተኛው ባለታሪኩ ተሰውሮበት የነበረውን እውነት ማወቁ ነው። በሶፎክሊስ ድርሰት ንጉሥ ኤዲፐስ አገሩን ከመቅሠፍት ለማዳን ነፍሰ ገዳዩን አጥብቆ ሲፈልግ፥ የሚፈልገው ሰው ራሱ ሆኖ ያገኘዋል።

በመቅደላም ታሪክ መገልበጥ አልጠፋም። የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሥተው በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፥ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ በቀረ ጊዜ ተቈጥተው የእንግሊዝን ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ፤ ስለዚህም ወዳጅነት የተፈለገበት ደብዳቤ ፍጻሜው ጦርነት ሆነ። በጋፋት ያሠሩትን ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን መንገድ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ አስጐተቱት፤ ነገር ግን በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ አላዳናቸውም። በትንሣኤ ማግስት የሞቱበት ሽጉጥም ከዚያችው ንግሥት በስጦታ የመጣ እንደ ነበረ ተጽፏል። ደራሲ ይህን ከልቡ አመንጭቶ ቢጽፈው ኖሮ «አበዛው» ባልን ነበር።

የወሎ ሰው ግን ስለ መቅደላ ሲነሣ ሌላም ሰው ትዝ ይለዋል። በ1857 ዓ.ም. በሰኔ ወር ወጣቱ ምኒልክ ከአምባው አምልጠው ወደ ወሎ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ደረሱ። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ግን በዚያው አምባ ላይ የንጉሡ እስረኛ ነበረ። ስደተኛውን ቢመልሱ ልጃቸውን ሊያተርፉ ይችሉ ይሆናል፤ ቢያሳልፉ ግን ልጃቸው በቊጣ እጅ ነው። ምኒልክ ወደ ሸዋ አለፉ፤ ልጁም ከታሰሩት የወሎ መኳንንት ጋር በንጉሡ ትእዛዝ ተገደለ።

ነገሩ በሁለት ዓይነት ይነገራል። አንዱ ወገን ወይዘሮዋ እንግዳዬን አልሰጥም ብለው ልጃቸውን አጡ ይላል። ሁለተኛው ወገን ምኒልክን በልጃቸው ለመለወጥ ሲያስቡ ሳለ የልጃቸው መርዶ ቀድሞ ደረሰ ይላል። የቴያትር ደራሲ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። የፊተኛውን ቢመርጥ እንደ «አንቲጎኔ» ሁለት ሕግጋት የሚጋጩበት ትራጀዲ ያገኛል፤ በዚህ የእንግዳ አደራ፥ በዚያ የእናትነት ግዴታ አለና። የኋለኛውን ቢመርጥ የመልእክተኛው ዘዴ ተዘጋጅቶለታል፤ በግሪክ ቴያትር ሞት አብዛኛውን ጊዜ ከመድረክ ውጭ ተፈጽሞ የሚሰማው በመልእክተኛ አፍ ነውና። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እነዚህን ድርሰቶች ስናነብ የሩቅ አገር ነገር መስለውን ነበር። ነገር ግን መርዶ ነጋሪ በማለዳ በር ሲመታ የሰማ፥ ሙሾ አውራጅም ስታወርድ ለቀስተኛው ሲቀበላት ያየ ሰው መልእክተኛውም ኮረሱም እንግዳ አይሆኑበትም።

የታሪክ ተማሪ ግን እንደ ደራሲው አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይገባውም። ደግሞም ትራጀዲ ኀዘናችንን ሁሉ ለአንድ ታላቅ ሰው ይሰበስባል። ከአሮጌ ውጊያ በፊት በነበረው ቀን ብዙ እስረኞች በንጉሡ ትእዛዝ ከእስላምጌ ገደል ተወርውረው ሞቱ፤ እነርሱ ግን በመድረክ ላይ የንጉሡን ቊጣ ማሳያ ብቻ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። የዐፄ ቴዎድሮስ ታላቅነት የእነዚህን ሞት አይሽረውም፤ የእነዚህም ሞት የእሳቸውን ታላቅነት አያጠፋውም። ስለዚህ ከእኛ መካከል ስለ ወይዘሮ ወርቂት ቴያትር ለመጻፍ የሚነሣ ቢገኝ፥ አስቀድሞ ከወሎ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዶ ሁለቱንም አነጋገር ይጻፍ፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይሁን።