ማክሰኝት፣ ሐሙሲት እና ያልተቆጠረው እንጀራ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትወጡ መጀመሪያ ሐሙሲትን ታገኛላችሁ። ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራዝን አልፋችሁ ደግሞ ማክሰኝት። አንዷ ሐሙስ፣ ሌላዋ ማክሰኞ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ አርብ ገበያ አለ፤ ጎንደር ከተማም የራሷ ቅዳሜ ገበያ አላት። እነዚህን ከተሞች የወለዳቸው ገበያና መንገድ ነው። በክልላችን የአገልግሎት ሥራ አደገ ወይስ ወደቀ የሚለውን ክርክር ስሰማ ሁልጊዜ እነዚህ ስሞች ትዝ ይሉኛል።

የዚህ አገር መንግሥት ለዘመናት አጥብቆ የመዘገበው መሬትን ነው። ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጋት በኋላ ከተማዋ ነጋዴውን፣ ግንበኛውን፣ አንጥረኛውን፣ አዝማሪውን ሰበሰበች። የጉልት ስጦታና የርስት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ቀርቷል። ጠላ ጠምቃ ልጅ ያሳደገችው ሴት ግን የመዝጋቢው ጉዳይ አልነበረችም። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንኳ በሰላም ጊዜ 10,000 ያህል ቤተሰብ ይኖርባታል ብሎ ነው የገመተው። ቤተሰቡን ገመተ፣ እንጀራውን አልገመተም።

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። የሕዝብ ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ተካሄደ፤ አራተኛው ሲራዘም ሲራዘም እስካሁን አልመጣም። የሠራተኛ ኃይል ጥናቶች ግን አሉ፦ 1991፣ 1997፣ 2005፣ 2013። በ1997ቱ ጥናት ከመቶ ሠራተኛ 80 ያህሉ በእርሻ ላይ ነበር። በ2005 ወደ 73 ወረደ። ብዙዎች ይህን ያነበቡት እንደ እድገት ነው። እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። በክልሉ በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። ያኔ ሕፃን የነበረ፣ ከዚያም ወዲህ የተወለደ ልጅ ለራሱ የሚደርሰው መሬት የለም፤ የአባቱን ይጠብቃል፣ ወይም ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። አስፋልቱ ዳር ምን አለ? ሊስትሮ፣ ሻይ ቤት፣ ጉሊት፣ ተሸካሚነት፣ የአውቶቡስ ረዳትነት፣ ትንሽ የተሻለው ባጃጅ። ይህ ሁሉ በሰንጠረዡ ላይ «አገልግሎት» ነው። ባንክ ውስጥ የሚሠራውም አገልግሎት ነው። ፋብሪካ ጠርቶት የሄደና መሬት አጥቶ የሄደ በአንድ ዓምድ ይደመራሉ።

የመጠይቁ ነገር ደግሞ አለ። ጠያቂው ባለፉት ሰባት ቀናት ምን ስትሠራ እንደነበር፣ ዋና ሥራህስ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። በገበያ ቀን ነጭ ሽንኩርት አምጥቶ የሚሸጥና ለሌላው የሚያሻሽጥ ሰው ዋና ሥራው እርሻ ነው፤ ድለላው አይታይም። ጠላ ጠማቂዋስ? ስትጠምቅ አምራች፣ ስትቀዳ አገልግሎት ሰጪ ናት። የት እንደምትገባ የሚወስነው የመዝጋቢው እጅ ነው። ናሙናውም ቢሆን የክልልና የትልልቅ ከተሞችን መልክ ለማሳየት እንጂ ማክሰኝትን ለብቻዋ ለማሳየት የወጣ አይደለም።

ይህ የባለሙያ ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላስቸግራችሁም ነበር። ግን ከ2012ቱ ኮሮና ጀምሮ፣ ከዚያ በጦርነቱ፣ በተለይም ከሐምሌ 2015 ወዲህ የሆነውን አስቡት። ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው ታኅሣሥ 2012 ነው፤ ጎንደር እንግዳዋን በሙሉ ልብ ሳትቀበል በሯ ተዘጋ። የሆቴሉ ችግር ቢያንስ ይወራል፣ ባለቤቱ ድምፅ አለው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ማክሰኝት ላይ አውቶቡስ ጠብቃ ቆሎ የምትሸጠዋስ? ባጃጁን ያቆመውስ? ልጁ ወደ አባቱ ማሳ ይመለሳል። በሚቀጥለው ጥናት ጠያቂው ሲደርስ እያረመ ያገኘዋል። «ያለ ክፍያ ቤተሰቡን የሚረዳ፣ እርሻ» ብሎ ይሞላዋል። ሥራ አጥ አልተባለም። ከአገልግሎት ሥራ መባረሩም የትም አልተጻፈም።

ለዚህ ትልቅ ጥናት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሁለት ጠያቂ ማክሰኝት ላይ በገበያው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን ሠራተኛ ይቁጠር፤ ተሸካሚውን፣ ደላላውን፣ ሻይ የምታፈላዋን፣ ተራ አስከባሪውን ሁሉ። በማግስቱም እዚያው ቆሞ ይቁጠር። ከዓመት በኋላ፣ በዚያው ወር፣ ያንኑ ይድገም።