ፋክተር ስምንትን ያጠመደው የአይጥ ፀረ እንግዳ አካል

ደም የሚረጋው ተራ በተራ በሚቀሰቀሱ ፕሮቲኖች ነው። አንዷ ፋክተር ስምንት ትባላለች። እሷ የጎደለችው ሰው (ሄሞፊሊያ ኤ ይሉታል) ትንሽ ግጭት እንኳ መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ታፈስበታለች። መድኃኒቱ ታዲያ የሌላ ሰው ደም ነበር፤ የሺዎች ፕላዝማ ተቀላቅሎ የሚወጣ ዱቄት። እስቲ አስቡት! ከሺዎቹ አንዱ ቫይረስ ካለበት ቅልቅሉ በሙሉ ተበከለ ማለት ነው። በ1980ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጅ እንቁጠር) አሜሪካ ውስጥ ከሄሞፊሊያ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ በኤችአይቪ የተያዙት በዚሁ መንገድ ነው።

ማጥመጃው ግን ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። በ1975 ሚልስታይንና ኮለር ካምብሪጅ ላይ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራን የአይጥ ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱ፤ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ያለማቋረጥ የሚያመርት ሕዋስ ተገኘ። ፓተንት አልወጣበትም።

ከዚያ ካሊፎርኒያ፣ ስክሪፕስ የምርምር ተቋም ውስጥ ዚመርማንና ፉልቸር መላ ዘየዱ። ፋክተር ስምንት ደም ውስጥ ብቻዋን አትዞርም፤ ፎን ቪለብራንድ ከተባለ ግዙፍ ፕሮቲን ጋር ተጣብቃ ነው። እነሱም ግዙፉን በፀረ እንግዳ አካል ያዙት፣ ከዚያ እሷን በካልሲየም ክሎራይድ አላቀቋት። ልጅቷን ለማግኘት ጠባቂዋን መያዝ… ይህቺን ተንኮል ወደድናት! ሥራቸው በ1982 ታተመ።

በ1984 ጂኗ ተለየ። በ1987 በዚህ መንገድ ተጣርቶ በሙቀት የታከመ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ በ1992 ከሰው ፕላዝማ ሳይሆን በላቦራቶሪ ሕዋስ የተመረተው ተከተለ። ስክሪፕስ ግን እንደ ካምብሪጆቹ አልነበረም፤ በፓተንቱ ጄኔንቴክን ከሶ ጉዳዩ በ1991 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሷል።