24 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የኪስ ሰዓት፦ የፓቴክ ፊሊፕ ታሪክ እና ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ሰዓት የምታጣሩበት መንገድ

ዛሬ "ስንት ሰዓት ነው?" ስትባሉ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ሰዳችሁ ስልካችሁን ነው የምታወጡት አይደል? የዛሬ 100 ዓመት የነበሩ ሀብታሞችም እንደዚሁ ነበር የሚያደርጉት። ልዩነቱ ከኪሳቸው የሚወጣው በሰንሰለት የታሰረ፣ በወርቅ ቀፎ የተሸፈነ እና ባለሙያ በእጁ የገጣጠመው ማሽን መሆኑ ነው።

ከእነዚያ የኪስ ሰዓቶች አንዱ በኖቬምበር 2014 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ቀርቦ ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወርቁ ነው እንዳትሉ። ሰዓቱ ሁለመናው ቢመዘን ግማሽ ኪሎን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ወርቁ ብቻ ቢሸጥ የዋጋውን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ዋጋውን የሰጠው ታሪኩ ነው፤ ያውም በመዝገብ የሰፈረ፣ ማንም ሊያጣራው የሚችል ታሪክ። ለዚህ ነው ስለ ኩባንያው ስናወራ አያት ትተውት ስለሄዱት አሮጌ ሰዓትም አብረን የምናወራው።

▪️ በስደተኞች የተጀመረ ኩባንያ

የስዊዘርላንድ ስመ ጥር ሰዓት ሠሪ መሥራቾች ስዊዞች አልነበሩም። አንቶኒ ፓቴክ የፖላንድ ሰው ነው። ከ1830 እስከ 1831 ፖላንዶች በሩሲያ አገዛዝ ላይ ባነሱት አመፅ በፈረሰኛነት ተዋግቷል። አመፁ ሲከሽፍ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ በፈረንሳይ በኩል አድርጎም ጄኔቫ ገባ።

ጄኔቫ ያኔም የሰዓት ከተማ ነበረች። ፓቴክ መጀመሪያ ላይ የተዘጋጁ የሰዓት ማሽኖችን እየገዛ፣ ባማረ ቀፎ እያስገባ ይሸጥ ነበር። በ1839 ፍራንሲሼክ ቻፔክ ከተባለ ሌላ ስደተኛ ሰዓት ሠሪ ጋር ሆኖ "ፓቴክ፣ ቻፔክ እና ኩባንያው" የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ፓቴክ ንግዱን፣ ቻፔክ ሙያውን ያዙ። በዓመት የሚያወጡት 200 ገደማ ሰዓት ብቻ ነበር።

▪️ ቁልፉን ያስቀረው ፈረንሳዊ

በዚያን ዘመን የኪስ ሰዓት ያለው ሰው ትንሽ ቁልፍም አብሮ ይይዝ ነበር። በሰዓቱ ውስጥ የተጠቀለለ ሞላ አለ። በቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞላው ጉልበት ያጠራቅማል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን ትናንሽ ጎማዎች ያዞራል። ጎማዎቹ ደግሞ ቆጣሪዎቹን ያንቀሳቅሳሉ። በዘመኑ ቋንቋ ሞላው ባትሪ፣ ቁልፉ ቻርጀር ነው በሉት።

ችግሩ ግን ቻርጀር ይጠፋል! ቁልፉ ከጠፋ ሰዓቱ ቆመ ማለት ነው። በቁልፉ ቀዳዳ በኩል ደግሞ አቧራ ይገባል።

አድሪየን ፊሊፕ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ መፍትሔውን አገኘ። ቁልፍ ሳያስፈልግ ከላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ በጣት በማዞር ብቻ የሚሞላ እና የሚስተካከል ሰዓት ሠራ። በ1844 ፓሪስ ላይ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ይህን ሥራውን ሲያሳይ ፓቴክ አየው። በዓመቱ የፓቴክ እና የቻፔክ ሽርክና ፈረሰ፤ ፊሊፕም የቴክኒኩ ኃላፊ ሆኖ ጄኔቫ ገባ። ከ1851 ጀምሮ የሁለቱ ስም ተጣምሮ ኩባንያው "ፓቴክ፣ ፊሊፕ እና ኩባንያው" ተባለ።

ዛሬ በእጅ ሰዓታችሁ ጎን ላይ ያለችው ትንሿ ማዞሪያ የዚያ ሐሳብ ልጅ ናት።

በዚያው በ1851 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያም ከኩባንያው ቁልፍ አልባ ሰዓቶች አንዱ ደረሳቸው። ንግሥቲቱ የያዙትን ሰዓት ደግሞ ሌላው ባለጸጋም ሊይዘው ይፈልጋል። ማስታወቂያ ይሉሃል ይሄ ነው!

▪️ በጨለማ ሰዓት የሚናገር ማሽን

በኪስ ሰዓት ዘመን ትልቁ የባለሙያ መፈተኛ "ኮምፕሊኬሽን" የሚባለው ነገር ነበር። ሰዓቱ ሰዓት ከመቁጠር ውጪ የሚሠራው ተጨማሪ ሥራ ሁሉ ኮምፕሊኬሽን ይባላል። ሁለቱን እንይ።

አንደኛው "ሚኒት ሪፒተር" ነው። መብራት በሌለበት ዘመን ሌሊት ሰዓት ማየት ከባድ ነው። ስለዚህ በጎን ያለችውን መግፊያ ስትገፉ በውስጡ ያሉ ትናንሽ መዶሻዎች ቀጭን የብረት ሽቦ እየመቱ ሰዓቱን በድምፅ ይነግሯችኋል። ለምሳሌ ቆጣሪው 3፡47 ላይ ከሆነ መጀመሪያ በወፍራም ድምፅ 3 ጊዜ ይመታል፤ ይሄ ሰዓቱ ነው። ቀጥሎ 3 ጊዜ ጥንድ ድምፅ ያሰማል፤ ሦስት ሩብ፣ ማለትም 45 ደቂቃ ነው። መጨረሻ ላይ በቀጭን ድምፅ 2 ጊዜ፤ ቀሪዎቹ 2 ደቂቃዎች። ባትሪም ኮምፒውተርም የለውም።

ሁለተኛው "ዘላለማዊ ካላንደር" ነው። ወሩ 30 ይሁን 31፣ ፌብሩዋሪ 28 ይሁን 29 ራሱ ያውቃል። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ጳጉሜ 5 ናት ወይስ 6 ብሎ ሳይጠይቅ የሚያውቅ ማሽን በሉት። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ የሚሳሳቱት በ2100 ነው። ያ ዓመት በአራት ቢካፈልም ፌብሩዋሪው 28 ቀን ስለሚሆን ያኔ በእጅ መስተካከል አለባቸው።

▪️ የሁለት ሀብታሞች ፉክክር

አሁን ወደ 24 ሚሊዮን ዶላሩ ሰዓት እንመለስ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሁለት የሰዓት ወዳጆች ነበሩ። አንዱ ጀምስ ዋርድ ፓካርድ ነው፤ በስሙ የሚጠራውን የመኪና ፋብሪካ የመሠረተ የኦሃዮ መሐንዲስ። ሌላው የኒውዮርኩ ባለ ባንክ ሄንሪ ግሬቭስ ነው። ሁለቱም ፓቴክ ፊሊፕን ከዚህ በፊት ያልተሠራ ሰዓት ሥራልኝ እያሉ ያዙ ነበር።

ፓካርድ የትውልድ ከተማውን የዋረንን የሌሊት ሰማይ ኮከቦች የሚያሳይ የኪስ ሰዓት አሠራ። ግሬቭስ ደግሞ በ1925 ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አዘዘ። ንድፉ እና ሥራው ዓመታት ፈጅቶ ሰዓቱ በጃንዋሪ 1933 ተረከበው። የከፈለው 60,000 የስዊዝ ፍራንክ ነበር።

በሰዓቱ ላይ 24 ኮምፕሊኬሽኖች አሉ። ፊቱ ሁለት ነው፤ ከፊትም ከኋላም ይነበባል። የጨረቃን መጠን፣ ፀሐይ ኒውዮርክ ላይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት፣ ከኒውዮርክ ሆነው የሚታዩትን ከዋክብት ያሳያል። ይህ ሁሉ ስሌት በወረቀትና በእርሳስ የተሠራ ነው። እስከ 1989 ድረስ፣ ማለትም ለ56 ዓመት፣ የሚስተካከለው አልተገኘም። ያን ዓመት ራሱ ፓቴክ ፊሊፕ 150ኛ ዓመቱን ሲያከብር 33 ኮምፕሊኬሽን ያለው "ካሊበር 89" የተባለ የኪስ ሰዓት ይዞ መጣ።

የግሬቭስ ሰዓት በ1999 በሶዝቢስ ጨረታ 11 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። በ2014 ደግሞ ዋጋው ከእጥፍ አለፈ።

የሚገርመው፣ ይህ ሰዓት ሲሠራ ኩባንያው ራሱ ችግር ውስጥ ነበር። ዓለምን የመታው የኢኮኖሚ ድቀት ገዢ አሳጥቶት በ1932 ስተርን የተባሉ ወንድማማቾች ገዙት። ወንድማማቾቹ ለሰዓት ኩባንያዎች የሰዓት ፊት የሚሠራ ፋብሪካ ነበራቸው። ዛሬም ኩባንያው የዚያው ቤተሰብ ነው፤ አራተኛው ትውልድ ይመራዋል።

▪️ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰዓት

ከእኛ ጋር የሚያገናኝ ታሪክም አለ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ስዊዘርላንድን ጎብኝተው ነበር። ከዚያ ጉብኝት ጋር ስሙ የሚነሳ፣ ዘላለማዊ ካላንደር ያለው አንድ ወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ አለ። ይሄኛው የኪስ ሳይሆን የእጅ ሰዓት ነው።

ሰዓቱ በ2015 ጄኔቫ ውስጥ በክሪስቲስ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ የባለቤትነት ጥያቄ አነሳ፤ ከጨረታውም ወጣ። በ2017 ግን ተመልሶ ቀረበና ከ2.8 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። አንድ ሰዓት የማን ነበር፣ እንዴትስ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ የሚለው ጥያቄ ሚሊዮኖችን ያስወጣል፣ ሚሊዮኖችንም ያግዳል።

▪️ ሚስጥሩ መዝገቡ ነው

ፓቴክ ፊሊፕ ከተመሠረተበት ከ1839 ጀምሮ የሠራቸውን ሰዓቶች መዝገብ ይዟል። እያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ ማሽኑ ላይ፣ ሌላው ቀፎው ላይ። ባለቤቱ ቁጥሮቹን ለኩባንያው ሲልክ "ከመዝገብ የወጣ ማስረጃ" ይሰጠዋል። ወረቀቱ ሰዓቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደተሸጠ ይናገራል።

ልብ በሉ፤ ወረቀቱ የሚናገረው በመዝገቡ ያለውን ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ሰዓት ራሱ ያ መሆኑን ለማረጋገጥ ባለሙያ ከፍቶ ማየት አለበት። ቀፎው ወይም የሰዓቱ ፊት ከሌላ ሰዓት የመጣ ሊሆን ይችላልና።

▪️ ቤታችሁ አሮጌ የኪስ ሰዓት ካለስ?

እውነቱን እንነጋገር፤ ፓቴክ ፊሊፕ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ከተለያዩ ፋብሪካዎች የወጡ በርካታ ሚሊዮን የኪስ ሰዓቶች ዓለም ላይ አሉ፣ አብዛኞቹም ብዙ ዋጋ አያወጡም። ግን ሳታጣሩ አትሽጡ፣ ሳታጣሩም አትግዙ። እነዚህን ያዙ፦

✅ አትወልውሉት። የሚያብረቀርቅ ሰዓት ያምራል፤ ግን መወልወል በቀፎው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍና ምልክት ይበላዋል። ሰብሳቢዎች ያልተነካውን ነው የሚፈልጉት።

✅ በቢላዋ አትክፈቱት። የኋላ ክዳኑን የሚከፍትላችሁ ሰዓት ጠጋኝ ይሁን፤ እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ ቁጥሮቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

✅ ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡ። ድሮም ማጭበርበር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንዲት ፊደል ጨምረው ወይም ቀይረው የታዋቂ ስም የሚመስል ስም የሚጽፉ ነበሩ።

✅ የወርቅ ምልክቱን ፈልጉ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በተሠሩ የስዊዝ ሰዓቶች ቀፎ ላይ ትንሽ የሴት ጭንቅላት ካለች 18 ካራት ወርቅ ማለት ነው። ሽኮኮ የምትመስል ምልክት ካለች ደግሞ 14 ካራት ነው።

✅ ድምፁን አዳምጡ። የድሮ የኪስ ሰዓት ሲሠራ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል በፍጥነት ይመታል። በሰከንድ አንዴ ብቻ ጠብ የሚል ከሆነ ባትሪ ነው፤ "የ1890 ሰዓት ነው" ቢሏችሁ እንዳታምኑ።

✅ በፎቶ ብቻ ገንዘብ አትላኩ። በቴሌግራምም ይሁን በፌስቡክ የሚሸጥላችሁ ሰው የማሽኑን እና የቀፎውን ቁጥር ካላሳየ በቃ፣ ተዉት።

✅ ለወርቁ ብላችሁ አታስቀልጡት። ቁጥሩ ሳይነበብ የቀለጠ ሰዓት ታሪኩ ተመልሶ አይመጣም። በዓለም ዙሪያ ብዙ የወርቅ ቀፎዎች እንዲህ ጠፍተዋል።

✅ ታሪኩን ጻፉት። ሰዓቱን ማን ገዛው? የት? ማን ሰጠው? የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ጠይቁና ከቀኑ ጋር መዝግቡ። ደረሰኝ ወይም ሰዓቱ የሚታይበት የድሮ ፎቶ ካለም አብሮ ይቀመጥ።

ይህን የመጨረሻውን ለማድረግ ሰዓቱ ውድ መሆን የለበትም። ዋጋ ባያወጣ እንኳ የቤተሰባችሁ ታሪክ ይተርፋል።

እናንተ ቤት አሮጌ የኪስ ሰዓት አለ? በኮሜንት ንገሩን። ቁጥሩን ግን ኮሜንት ላይ አትለጥፉት፤ ሌላ ሰው የራሱ አስመስሎ ሊጠቀምበት ይችላል። ሰዓት ሊሸጥ ወይም ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።