ጎንደር፣ ሞስኮና የፎገራ ወባ

ወረታ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የፎገራ ሜዳ ከተማ ናት። በሰሜኗ፣ በጎንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በአሜሪካ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ድጋፍ ተከፈተ፤ በደቡቧ፣ በባሕር ዳር፣ በ1963 የፖሊቴክኒክ ተቋም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተቋቋመ።

ርብና ጉማራ በክረምት ፎገራን ያጥለቀልቃሉ፤ ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ኩሬ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። በ1958 በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150,000 ያህሉን የገደለው ወረርሽኝ የበረታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ባለው ምድር ነበር፤ የፎገራ ሜዳም ከፍታው በዚሁ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ምድር ሐኪም ብቻውን አይዘልቀውም። የጎንደሩ ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ያሠማራ የነበረውም ለዚህ ነው።

የሚገርመው፣ አሜሪካ ራሷ እንዲህ ያለ ባለሙያ አልነበራትም። በዚያ ሐኪም ለመሆን አራት ዓመት ኮሌጅ፣ ከዚያም አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት ይጠይቃል፤ የሐኪም ረዳት ሥልጠና የተጀመረው ገና በ1965 ነው። ሩሲያ ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ገጠሯን በፌልድሸር ታክም ነበር። በአሜሪካ ገንዘብ የቆመው ኮሌጅ ለሩሲያው ልማድ ይቀርብ ነበር ማለት ይቻላል።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ብዙ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ ከዚያ ስድስት ዓመት ሕክምና፤ የአጠቃላይ ሕክምና፣ የሕፃናት ወይም የንጽሕና አጠባበቅ ፋኩልቲ የሚመረጠው ከመግቢያው ነበር። ተማሪው የጥያቄ ወረቀት በዕጣ አንሥቶ በመምህራን ፊት በቃሉ ይመልሳል። ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን ባስተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች የጽሑፍ ፈተና ለለመደ ሰው ይህ ቀላል አልነበረም፤ ሕመምተኛን በቃል አቀናብሮ ማቅረብ ግን ያስተምራል።

በጎንደር ደግሞ በ1978 የሕክምና ፋኩልቲ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀመረ። የጤና መኮንኖች ሥልጠና ግን በአብዮቱ ዘመን ተቋረጠ። የገጠሩን መካከለኛ ባለሙያ ያከበረው የምሥራቁ ጎራ ለጎንደር ያበረከተው የሐኪሞች ትምህርት ቤት ሆነ፤ ሐኪሞቹም አስፈላጊ ነበሩ፣ ነገር ግን ኩሬው ያለው ቀበሌ ውስጥ ነው። ሥልጠናው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲመለስ ፎገራ ሩዝ አብቃይ ሆኖ ነበር፤ ውኃም በማሳው ላይ ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ ይተኛ ጀመር።