የኤሌክትሪክ ሽያጭ መዝገብና የተቆጣጣሪው ዓይን፤ የዩናይትድ ስቴትስ ታሪክ ከ1927 እስከ 2012

ኤሌክትሪክ ከሌሎች ሸቀጦች የሚለይበት አንድ ዐቢይ ጠባይ አለው፤ ከተሸጠ በኋላ ተመልሶ ሊታይ አይችልም። እህል የገዛ ሰው ጎተራውን ከፍቶ ያሳያል፤ ጨርቅ የሸጠ ነጋዴም መጋዘኑን ያስቆጥራል። የኤሌክትሪክ ኃይል ግን በተመረተበት ቅጽበት ሥራ ላይ ውሎ ያልቃል። ከኋላው የሚቀረው ቆጣሪው የመዘገበው ቁጥርና ሻጭና ገዢ የተዋዋሉበት ሰነድ ብቻ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ንግድ መዝገብ ማለት ማስታወሻ ብቻ ሳይሆን የተፈጸመው ነገር ዋና ምስክር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው አነጋገር ለሙያችን በእጅጉ ይስማማል።

ይሁን እንጂ መዝገብ መኖሩ ብቻውን ቁጥጥር አለ አያሰኝም። መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? የማየት መብት ያለውስ ማን ነው? የሚያየውስ ሙሉውን ነው ወይስ ቁራጩን? በዚህ አጭር ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በዩናይትድ ስቴትስ ታሪክ አማካይነት ለመመርመር እሞክራለሁ። ያችን አገር የመረጥኩት ጉዳዩ እዚያ በፍርድ ቤት፣ በምክር ቤትና በገበያ ውስጥ ደጋግሞ ስለተፈተነና ውጤቱም በይፋ ሰነዶች ስለሚገኝ ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የግዛት ወሰንና የ1927 ፍርድ

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካን የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ይቆጣጠሩ የነበሩት የየግዛቱ ኮሚሽኖች ነበሩ። እያንዳንዱ ኮሚሽን በግዛቱ ውስጥ የሚሠራውን ኩባንያ ሒሳብ ይመረምራል፤ ታሪፉንም ያጸድቃል። ማመንጫውና ደንበኛው በአንድ ከተማ ሳሉ ይህ አሠራር በቂ ነበር። የማስተላለፊያ ቮልቴጅ እያደገ ሲሄድ ግን መስመሮች ወሰን መሻገር ጀመሩ።

ችግሩ ጎልቶ የታየው በሮድ አይላንድና በማሳቹሴትስ መካከል ነው። በሮድ አይላንድ የሚሠራው ናራጋንሴት የተባለ ኩባንያ፣ በማሳቹሴትስ ለሚገኘው ለአትልቦሮ ኩባንያ በልዩ ዋጋ ለሃያ ዓመት ኃይል ለመሸጥ በ1917 ተዋዋለ። ርክክቡ የሚፈጸመው በሁለቱ ግዛቶች ወሰን ላይ ነበር። ከጊዜ በኋላ ዋጋው ወጪውን የማይሸፍን ሆኖ ስለተገኘ የሮድ አይላንድ ኮሚሽን ታሪፉ ከፍ እንዲል ወሰነ። ገዢው ተቃወመ፤ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በጥር 1927 በሰጠው ውሳኔ፣ ሮድ አይላንድ ወሰን የሚሻገረውን ሽያጭ ልትቆጣጠር እንደማትችል፣ ማሳቹሴትስም እንደዚሁ እንደማትችል፣ ቁጥጥር የሚያስፈልግ ከሆነ ሥልጣኑ የፌዴራሉ ምክር ቤት ብቻ መሆኑን አስታወቀ።

ምክር ቤቱ በጊዜው በዚህ ረገድ ያወጣው ሕግ አልነበረም። በመሆኑም ወሰን የተሻገረ ኪሎዋት ሰዓት ሁሉ በሁለት ዳኞች መካከል ያለ ዳኛ ቀረ። ሻጩ መዝገብ ነበረው፤ ገዢውም መዝገብ ነበረው፤ ሁለቱን አቅርቦ የሚያመሳክር ባለሥልጣን ግን አልነበረም።

ይህ ክፍተት በነበረበት ዘመን፣ ራሳቸው አንዲት ጀኔሬተር ሳያንቀሳቅሱ የሌሎችን ኩባንያዎች አክሲዮን በመያዝ ብቻ የሚያዝዙ ታላላቅ ኩባንያዎች ተስፋፍተው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ስሙ የገነነው የቺካጎው ሳሙኤል ኢንሱል ያቋቋመው ሲሆን፣ በ1932 ተንኮታኩቶ የብዙ ሕዝብ ቁጠባ ይዞ ወደቀ። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በሴኔቱ ትእዛዝ በ1928 ጀምሮ እስከ 1935 ባካሄደው ምርመራ የኩባንያዎቹን ደብተሮች ገልጦ ሲያይ፣ የንብረት ዋጋ ከልክ በላይ ተጋኖ እንደተጻፈና በአንድ ባለቤት ሥር ያሉ ኩባንያዎች አንዱ ከሌላው የአገልግሎት ክፍያ እያስከፈሉ ወጪውን ወደ ተጠቃሚው ያስተላልፉ እንደነበር ተረጋገጠ።

ከዚህ በኋላ በነሐሴ 1935 የወጣው የፌዴራል የኃይል ሕግ ክፍተቱን ደፈነው። ቀድሞ በ1920 የተቋቋመው የፌዴራል የኃይል ኮሚሽን በግዛቶች መካከል የሚደረገውን ማስተላለፍና የጅምላ ሽያጭ እንዲቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ኩባንያዎች ታሪፋቸውንና ውላቸውን ለኮሚሽኑ አቅርበው ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርጉ፣ ሒሳባቸውንም ኮሚሽኑ በሚያዘው ሥርዓት እንዲይዙ ተገደዱ። የተቆጣጣሪው ዓይን ከገበያው ወሰን ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው።

ገበያው ሲከፈትና «ታግ» ሲፈጠር

ይህ አሠራር ለስድሳ ዓመታት ያህል አገለገለ። ሻጮቹ ጥቂቶች፣ ውሎቹ የረጅም ዘመን፣ ዋጋውም በወጪ ላይ የተመሠረተ ስለነበር በወረቀት መከታተል ይቻል ነበር። ኮሚሽኑም በ1977 የፌዴራል የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በሚል ስም እንደገና ተደራጀ።

በሚያዝያ 1996 ኮሚሽኑ 888 እና 889 የተባሉትን ትእዛዞች ሲያወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። የማስተላለፊያ መስመር ባለቤት የሆነ ኩባንያ መስመሩን ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ሻጭ በእኩል ሁኔታ እንዲከፍት ታዘዘ። ማመንጫም መስመርም የሌላቸው ነጋዴዎች ወደ ገበያው ገቡ። ለዓመታት ይጸና የነበረው ውል ለአንድ ቀን፣ ከዚያም አልፎ ለአንድ ሰዓት ሆነ። አንዱ ሜጋዋት ሰዓት ተጠቃሚው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በብዙ እጆች ይተላለፍ ጀመር።

በዚህ ጊዜ የተጨነቁት የመረቡ ተቆጣጣሪ መሐንዲሶች ነበሩ። አንድ መስመር ከአቅሙ በላይ ሲጫን የትኛውን ሽያጭ ማቋረጥ እንዳለባቸው ለማወቅ፣ በመስመሩ ላይ የማን ኃይል ከየት ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለባቸው። ስለዚህ በሰሜን አሜሪካ የመረብ አስተማማኝነትን የሚከታተለው ምክር ቤት በዘጠናዎቹ ዓመታት መጨረሻ «ታግ» የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሥራ ላይ አዋለ። ታግ የሽያጩን መነሻና መድረሻ፣ የሚያልፍባቸውን መስመሮች፣ የኃይሉን መጠን፣ ሰዓቱን፣ የሻጮቹንና የገዢዎቹን ስም ይይዛል። በመንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ የመረብ ተቆጣጣሪ ካላጸደቀው ሽያጩ አይፈጸምም። የጭነት መኪና በየኬላው እያሳየ የሚያልፈው የጭነት ሰነድ ዓይነት ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ታግ የተፈጠረው ለመረቡ ደኅንነት እንጂ ለንግድ ቁጥጥር አልነበረም። ሙሉውን መንገድ የሚያሳይ መዝገብ ተገኘ፤ የመንግሥቱ ኮሚሽን ግን ከሰነዱ ተቀባዮች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

ካሊፎርኒያ፣ 2000 እና 2001

የዚህ ጉድለት ዋጋ በካሊፎርኒያ ተከፈለ። ግዛቷ በ1996 ባወጣችው ሕግ መሠረት አዲሱ ገበያ በመጋቢት 1998 ሥራ ጀመረ። በ2000 የበጋ ወራት የጅምላ ዋጋ በድንገት ሰማይ ነካ። የዋጋ ጣሪያ በተነሣላት በሳን ዲዬጎ የቤተ ሰብ የመብራት ሒሳብ በእጥፍና ከዚያም በላይ ጨመረ። በጥር 2001 በሰሜኑ የግዛቲቱ ክፍል መብራት በየተራ ይጠፋ ጀመር። በሚያዝያ 2001 ከታላላቆቹ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ፓሲፊክ ጋዝና ኤሌክትሪክ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

የውኃ እጥረትና የማመንጫ ማነስ ድርሻ እንደነበራቸው የታመነ ነው። ነገር ግን ኮሚሽኑ በግንቦት 2002 ይፋ ያደረጋቸው የኤንሮን ኩባንያ ጠበቆች ማስታወሻዎች ሌላም ምክንያት እንዳለ አሳዩ። በታኅሣሥ 2000 የተጻፉት እነዚህ ማስታወሻዎች ነጋዴዎቹ በቅጽል ስም የሚጠሯቸውን ዘዴዎች ይዘረዝራሉ። «ሪኮሼ» በተባለው ዘዴ በካሊፎርኒያ ውስጥ በጣሪያ ዋጋ የተገዛ ኃይል ወደ ውጭ እንደሄደ ተደርጎ ይመዘገብና፣ ጣሪያው የማይመለከተው የውጭ ኃይል ሆኖ በውድ ዋጋ ይመለሳል። «ዴዝ ስታር» በተባለው ዘዴ ደግሞ ነጋዴው የተጨናነቀውን መስመር በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያቃልል ጉዞ ያስመዘግባል፤ ለዚህም ክፍያ ይቀበላል። ከዚያም ያንኑ ኃይል ከካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪ ክልል ውጭ ባሉ መስመሮች ወደ ተነሣበት እንደሚመለስ አድርጎ ያስመዘግባል። የተመረተም ሆነ የተጠቀሙበት ኃይል አልነበረም፤ የተቃለለ መጨናነቅም አልነበረም። የተጓዘው ወረቀቱ ብቻ ነበር።

የካሊፎርኒያው ተቆጣጣሪ ይህን ለምን አላየም? በእርሱ ኬላ ያለፈው የጉዞው ግማሽ ብቻ ስለሆነ ነው። ሌላው ግማሽ በሌሎች ኬላዎች ተመዝግቦ ነበር። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲታይ ሕጋዊ ነበር፤ ክቡ የሚታየው ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ ብቻ ነው። በ1927 የግዛት ወሰን ያደረገውን፣ በ2000 የመቆጣጠሪያ ክልል ወሰን ደገመው።

ሐይቁን የዞረው ሰነድ

ከካሊፎርኒያ በኋላ ሁለት ታላላቅ እርምጃዎች ተወሰዱ። በሚያዝያ 2002 ኮሚሽኑ በ2001 ቁጥር ትእዛዝ ሻጮች ሁሉ ውላቸውንና እያንዳንዱን ሽያጫቸውን በየሦስት ወሩ እንዲያቀርቡ አደረገ። በ2005 የወጣው የኢነርጂ ሕግ ደግሞ ገበያን ማጭበርበርን በግልጽ ከለከለ፤ ቅጣቱንም ለአንድ ጥፋት በቀን እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር አደረሰው። ሆኖም የሦስት ወሩ ሪፖርት ዋጋን እንጂ መንገድን በሙሉ አያሳይም ነበር።

የመንገዱ ነገር በ2008 በኢሪ ሐይቅ ዙሪያ ጎልቶ ታየ። ከኒውዮርክ ወደ ጎረቤቱ የፔንሲልቫኒያ መረብ የሚሸጥ ኃይል በሰነድ ላይ በካናዳ በኦንታሪዮ፣ ቀጥሎም በሚቺጋን በኩል ሐይቁን ዞሮ እንዲሄድ ይመዘገብ ነበር፤ በዚያ መንገድ ያለው ክፍያ ይቀንስ ነበርና። ነገር ግን ተለዋጭ ጅረት በሰነድ አይታዘዝም፤ በመስመሮቹ ኢምፒዳንስ መሠረት ይከፋፈላል። ስለሆነም አብዛኛው ኃይል ሐይቁን ሳይዞር በቀጥተኛው መስመር ሄደ። ያልከፈለበትን መስመር አጨናነቀ፤ ወጪውም በሌሎች ተጠቃሚዎች ላይ ወደቀ። በሐምሌ 2008 የኒውዮርኩ መረብ አስተዳዳሪ እነዚህ ስምንት ጠመዝማዛ መንገዶች እንዲዘጉ ጠይቆ ተፈቀደለት። የኮሚሽኑ ምርመራ በኋላ ነጋዴዎቹ ደንብ እንዳልጣሱ ቢደመድምም፣ የሰነድ መንገድና የኃይል መንገድ ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

የ2012 ትእዛዝና ወሰኑ

በመጨረሻ ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 20 ቀን 2012 ባወጣው 771 ቁጥር ትእዛዝ፣ ታግ የሚያዘጋጁ ሁሉ ኮሚሽኑን ከሰነዱ ተቀባዮች አንዱ አድርገው እንዲመዘግቡት አዘዘ። ኮሚሽኑ ታግን የማየት እንጂ የማጽደቅም ሆነ የማገድ መብት አልወሰደም። በገበያ ተከታታይነት የተሰየሙ አካላትም መዝገቡን እንዲያገኙ ተደረገ። በተቃውሞ የቀረበው ዋና ክርክር የንግድ ምሥጢር ይባክናል የሚል ነበር፤ ኮሚሽኑም የሚያየውን በምሥጢር እንደሚይዝ አረጋገጠ። ክርክሩ ቀላል የሚባል አይደለም። ሁሉንም የሚያይ ባለሥልጣን ያየውን መጠበቅ ካልቻለ፣ ተወዳዳሪዎች አንዱ የሌላውን ዋጋ አውቀው እንዲስማሙ በር ይከፍታልና።

መዝገቡ ከተፈጠረ ጀምሮ ተቆጣጣሪው በቀጥታ እስኪያየው ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። በመካከሉ የጎደለው የቴክኒክ ዕውቀት አልነበረም፤ የማየት መብት ነበር።

ሆኖም አንድ መዝገብ ሁሉንም ነገር አይገልጥም። በሐምሌ 2013 ጄፒ ሞርጋን በካሊፎርኒያና በመካከለኛው ምዕራብ ገበያዎች በፈጸመው የጨረታ ዋጋ አቀራረብ ምክንያት 410 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያ ጉዳይ የታወቀው ከጨረታ መዝገብ እንጂ ከታግ አልነበረም። ዋጋው በአንድ መዝገብ፣ መንገዱ በሌላ፣ ጨረታው በሦስተኛ ይገኛል፤ ቁጥጥር ማለት እነዚህን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማመሳከር ነው።

ለእኛ ያለው ትምህርት

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ መሐንዲስ የሩቅ ወሬ አይደለም። አገራችን ከ2011 ጀምሮ ለጂቡቲ ኃይል ትሸጣለች። ከኅዳር 2022 ጀምሮ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ በተዘረጋው 500 ኪሎቮልት የቀጥተኛ ጅረት መስመር ለኬንያ መሸጥ ጀምራለች። በ2005 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር ጽሕፈት ቤትም በአዲስ አበባ ይገኛል።

የኬንያው መስመር ቀጥተኛ ጅረት በመሆኑ የሚፈሰው ኃይል በመቆጣጠሪያ ጣቢያው የታዘዘውን ይከተላል፤ ሰነዱና ፍሰቱ ይገናኛሉ። ሻጭ አንድ፣ ገዢ አንድ፣ መስመርም አንድ ሲሆን ማመሳከሩ ቀላል ነው። ሽያጩ ግን የሦስተኛ አገር የተለዋጭ ጅረት መረብ አቋርጦ ለአራተኛ ሲደርስ፣ እያንዳንዱ ብሔራዊ ተቆጣጣሪ በኬላው ያለፈውን ብቻ የሚያይ ይሆናል። የአትልቦሮ ጥያቄ በአገሮች መካከል እንደገና ይነሣል፤ በአገሮች መካከል ደግሞ ዳኝነቱን የሚወስድ የጋራ ምክር ቤት የለም።

ስለዚህ የጎረቤት አገሮች ውሎች ሲዘጋጁ ከዋጋውና ከሜጋዋቱ ጎን ሦስት ነገሮች ቢጻፉ እንደሚበጅ አምናለሁ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ሽያጭ መነሻ፣ መንገድና መድረሻ በአንድ ዓይነት ሰነድ እንዲመዘገብ፤ ሁለተኛ፣ ሰነዱ በሁሉም አገሮች ተቆጣጣሪዎች እጅ በአንድ ጊዜ እንዲደርስ፤ ሦስተኛ፣ የተመዘገበው ከቆጣሪው ንባብና ከፍሰቱ ስሌት ጋር በየጊዜው እንዲመሳከር። የመጨረሻውን ሥራ ጠበቃም ሆነ የሒሳብ ባለሙያ ብቻውን ሊሠራው አይችልም። ሰነዱ ያለውን ኃይሉ አድርጎት እንደሆነ መመስከር የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ ነው፤ ገበያው ገና ትንሽ ሳለ ቢጀመር ደግሞ ዋጋው ካሊፎርኒያ ከከፈለችው እጅግ ያነሰ ይሆናል።